ቀላሉ የቻት ፕሮግራም የቱ ነው? ከደሴ እስከ ዐረብ አገር የሚዘረጋ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ዋትሳፕ ከአንድሮይድ 5.0 በታች በሆኑ ስልኮች ላይ መሥራት አቆመ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ደግሞ ስካይፕ ከ20 ዓመት በላይ ካገለገለ በኋላ ከነጭራሹ ተዘጋ። እንዲህ ያሉ ዜናዎች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ በቀላሉ ይደባለቃሉ። አንዱ አፕ በአሮጌ ስልክ ላይ መቆሙና ሌላው ጨርሶ መጥፋቱ አንድ ነገር ሊመስል ይችላል።

ደሴና ኮምቦልቻ ላለ ሰው ይህ ተራ የቴክኖሎጂ ወሬ አይደለም። ስልክ እዚህ ከሰው ወደ ሰው ይወርዳል። ልጅ አዲስ ሲገዛ አሮጌው ለእናት ይሆናል። እናትየዋ ጅዳ ወይም ዱባይ ካለች ልጇ ጋር የምትገናኘው በዚያው ስልክ ነው። አፑ ሲቆም የሚቋረጠው የቤተሰብ ወሬ ነው።

ሞባይል ቤት ገብቶ «የሚቀለውን ጫንልኝ» ማለት ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አፑ ስንት ቁልፍ እንዳለው በማየት አይገኝም። ከማን ጋር ነው የሚወራው? ያ ሰው የት አገር ነው ያለው? ስልኩ ቢጠፋ ምን ይቀራል? ከመጫኑ በፊት እነዚህ መጠየቅ አለባቸው።

ፕሮግራሙና መረቡ ድሮ ለየብቻ ነበሩ

የኢንተርኔት ቻት ከስማርት ስልክ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በኦሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ አይ.አር.ሲ. የሚባለውን የቻት ሥርዓት ሠራ። ሥርዓቱ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንዱ ሰርቨር ነው፤ ይህም የብዙ ሰው መልዕክት ተቀብሎ ለየባለቤቱ የሚያደርስ፣ ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ የሚከፍተው ፕሮግራም ነው። ሁለቱ የሚግባቡበት የጋራ ደንብ ፕሮቶኮል ይባላል።

የአይ.አር.ሲ. ደንብ ለሁሉም ክፍት ነበር። ስለዚህ ማንም ፕሮግራም መሥራት ይችላል፣ ማንም የፈለገውን መምረጥ ይችላል። ዊንዶውስ ያለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውን ኤም.አይ.አር.ሲ. ይጭናል። ሌላው ሌላ ይጭናል። ሁሉም እዚያው ክፍል ገብተው ያወራሉ። በዚያ ዘመን «ቀላሉ ፕሮግራም የቱ ነው?» ማለት ትርጉም ነበረው። ፕሮግራም ብትቀይር ጓደኞችህን አታጣም።

ዛሬ ሁለቱ ተጣብቀዋል። የዋትሳፕ ፕሮግራም ወደ ዋትሳፕ መረብ ብቻ ያስገባል። ከቴሌግራም ወደ ኢሞ መጻፍ አይቻልም። በስልክ መስመር እንዲህ አይደለም። ከኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ወደ ሳፋሪኮም ቁጥር ይደወላል፤ ሁለቱ ኩባንያዎች መስመራቸውን አገናኝተዋልና። የቻት ኩባንያዎች ግን ተጠቃሚያቸውን ለራሳቸው ማስቀረት ስለሚጠቅማቸው በሩን ዘግተዋል። አፕ መምረጥ በተግባር የሰው ስብስብ መምረጥ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያምር፣ ፈጣን፣ ቀላል አፕ ተጭኖ ውስጡ የሚያውቁት ሰው ከሌለ ምንም አይጠቅምም።

አይ.አር.ሲ. ዛሬም አልሞተም። ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩ ባለሙያዎች ሊቤራ ቻት በሚባል መረብ ላይ አሁንም ይገናኙበታል። ኮምቦልቻ ባለው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማር የሶፍትዌር ተማሪ ከእነሱ ጋር መነጋገር ቢፈልግ ምንም መጫን አያስፈልገውም። በብሮውዘር ገብቶ ስም መርጦ መጻፍ ይበቃዋል። ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ዳታ አይበላም። ለዚህ ሥራ ከዚህ የቀለለ መንገድ አላውቅም።

ቴሌግራም እዚህ ለምን ገነነ?

አይ.አር.ሲ. ለእኛ ኑሮ የማይመች አንድ ጠባይ አለው። ከመስመር ከወጡ፣ እርስዎ በሌሉበት የተባለው አልፎዎታል። ሰርቨሩ መልዕክት አያስቀምጥልዎትም። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት፣ ፓኬጅ በመሃል በሚያልቅበት ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ቴሌግራም በተቃራኒው ከሞላ ጎደል ሁሉንም ነገር በራሱ ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። ስልኩ ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲከፈት የተላከው ሁሉ ይጠብቃል። ስልኩ ቢሰረቅ በሌላ ስልክ ሲገባ ፎቶውም ፋይሉም አለ። ዋትሳፕ ደግሞ ታሪኩን በዋናነት ስልኩ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ፣ ያላስቀመጠ ሰው ስልኩ ሲጠፋ የቆየ ቻቱም አብሮ ይጠፋል።

ብዛትም አለ። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ቻናል ደግሞ ወሰን የለውም። የዋትሳፕ ግሩፕ የሚይዘው 1,024 ሰው ነው። በመጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ሲዘጉ ብዙ መምህራን ማስታወሻና የቤት ሥራ የላኩት በቴሌግራም ነበር። የ12ኛ ክፍል ውጤት እንኳ በቴሌግራም ቦት መታየት ችሏል። ቦት ማለት ለጥያቄ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ነው። አንዴ ተማሪውም መምህሩም ነጋዴውም እዚያ ከገባ፣ አዲስ ስልክ የገዛ ሰው የት እንደሚገባ ይታወቃል።

ብዙ ጊዜ የማይነሳ ሌላ ጥቅምም አለው። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርን ደብቆ በተጠቃሚ ስም ብቻ መታየት ይቻላል። ዋትሳፕ ግሩፕ ውስጥ ግን የማያውቁት አባል ሁሉ ቁጥርዎን ያያል። ፒያሳ ሱቅ ኖሯት ልብስ በኦንላይን ለምትሸጥ ሴት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሌሊት የሚደውል የማታውቀው ሰው ቁጥሯን ያገኘው ከእንዲህ ያለ ግሩፕ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውም አለ። ቴሌግራም ቻናሎች የሚለቁትን ፎቶና ቪዲዮ ሳይጠየቅ ሊያወርድ ይችላል። «ፓኬጄን ማን በላው?» ለሚል ሰው መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ በሞባይል ዳታ ሲሆን በራሱ እንዳያወርድ ማጥፋት ይቻላል። የስልኩ ቦታ ሲሞላ ደግሞ የቴሌግራምን የተጠራቀመ ፋይል ማጽዳት አያስፈራም። ዋናው ቅጂ ሰርቨሩ ላይ ስላለ ሲፈለግ ተመልሶ ይወርዳል።

ዐረብ አገር ያለው ሰው ጉዳይ

ደቡብ ወሎ ብዙ ልጆቹን ወደ ዐረብ አገር የላከ አካባቢ ነው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ፣ ከራሳቸው ከደሴና ከኮምቦልቻ የሄዱት ሳዑዲ፣ ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ቤይሩት ይሠራሉ። ለእነዚህ ቤተሰቦች የአፑን ምርጫ የሚወስነው እዚህ ያለው ሰው ሳይሆን እዚያ ያለው ሕግ ነው።

በተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ የኢንተርኔት ጥሪ የሚፈቀደው ፈቃድ ላገኙ አፖች ብቻ ነው። ዋትሳፕ እዚያ ጽሑፍና ፎቶ ይልካል፤ ጥሪው ግን ተዘግቷል። ፈቃድ ካላቸው አንዱ ቦቲም ነው። ሳዑዲ ዐረቢያ የኢንተርኔት ጥሪ ክልከላን እ.ኤ.አ. በ2017 አንስታለች፤ ያም ሆኖ ሁሉም አፕ ወዲያው እኩል አልተከፈተም። «መልዕክቷ ይደርሰኛል፣ ስደውል ግን አይሰማም» የሚል ወላጅ ስልኩ ተበላሸ ብሎ ወደ ጥገና ቤት ከመሄዱ በፊት ልጁ ያለችበትን አገር ማሰብ አለበት። ስልኩ ደህና ሊሆን ይችላል።

አንዳንዱ ወዲያው ቪፒኤን ይመክራል። ቪፒኤን የኢንተርኔት መንገድን በሌላ አገር በኩል አዙሮ ክልከላን የሚያልፍ ፕሮግራም ነው። ሆኖም በኤምሬትስ ሕግ ቪፒኤንን ለጥፋት መጠቀም ከ500,000 ድርሃም ጀምሮ ያስቀጣል። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅን እዚህ ተቀምጦ «ቪፒኤን ጫኚ» ማለት በእሷ ላይ መቀለድ ነው። አደጋው ያለው እሷ ላይ እንጂ መካሪው ላይ አይደለም።

የተሻለ መፍትሔ አለ። ጥሪ በሚዘጋበት ቦታ እንኳ በድምፅ የተቀዳ መልዕክት፣ ብዙዎቻችን «ቮይስ» የምንለው፣ ያልፋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥሪ በየሰከንዱ ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ የሚዘጋው አካል ለይቶ ያውቀዋል፣ ኔትወርክ ሲደክምም መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው። ቮይስ ግን አልቆ የተዘጋ ፋይል ነው። እንደ ፎቶ ይላካል። ኔትወርክ ቢጠፋ ቆይቶ ይደርሳል። እናት ማንበብና መጻፍ ባትችልም አንድ ቁልፍ ተጭና ትናገራለች። ልጅቱም አሠሪዎቿ በማይኖሩበት ሰዓት ታዳምጣለች። የሚቀል አፕ ለሚፈልግ ቤተሰብ ቮይስ የመላኪያውን ቁልፍ ማሳየት አዲስ አፕ ከመጫን በላይ ይጠቅማል።

ኢሞ በብዙ የወሎ ቤት የገባውም በዚሁ መስመር ነው። ዐረብ አገር ያሉት ስለተጠቀሙበት እዚህ ያሉትም ጫኑት። በደካማ ኔትወርክ ላይም እሠራለሁ ብሎ የሚያስተዋውቅ አፕ ነው። ማስታወቂያና የማያውቁት ሰው ጥሪ ይበዛበታል የሚል ቅሬታ የሚያነሱ አሉ፤ ቅሬታው ተገቢ ነው። ነገር ግን ልጅየዋ ያለችው እዚያ ከሆነ ቤተሰቡ ወደ እሷ ይሄዳል እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም።

«ጂቢ» እና «ፕላስ» የሚባሉት

ኦፊሴላዊ ያልሆኑ ቅጂዎች ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጂቢ ዋትሳፕ፣ ኤፍ.ኤም. ዋትሳፕ፣ ዮ ዋትሳፕ የሚባሉት ዋናው ኩባንያ ያልሠራቸው፣ የሌላ ሰው እጅ ያረፈባቸው ቅጂዎች ናቸው። ፕሌይ ስቶር ላይ የሉም። ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር ወይም በቴሌግራም ቻናል በኤ.ፒ.ኬ. ፋይል ይተላለፋሉ። ኤ.ፒ.ኬ. የአንድሮይድ አፕ የሚጫንበት ፋይል ነው።

ሰው ለምን ይወዳቸዋል? ምክንያቱ ይገባኛል። የተሰረዘ መልዕክት ያሳያሉ፣ መስመር ላይ መሆንን ይደብቃሉ፣ በአንድ ስልክ ሁለት ቁጥር ያስከፍታሉ። የመጨረሻው ለነጋዴ እውነተኛ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ግን ዋናው ዋትሳፕ ራሱ በአንድ አንድሮይድ ላይ ሁለት አካውንት ይፈቅዳል። ለዚያ ብሎ ጂቢ የሚጭን ሰው ምክንያቱ ቀርቷል።

አደጋው ደግሞ በማስፈራራት ደረጃ የሚቀር አይደለም። ካስፐርስኪ የተባለው የደህንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 በኤፍ.ኤም. ዋትሳፕ አንድ ቅጂ ውስጥ ትሪያዳ የሚባል ተንኮለኛ ፕሮግራም አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ዮ ዋትሳፕ የተጠቃሚውን አካውንት የሚያስከፍቱ ቁልፎች ሲሰርቅ ደርሶበታል። ዋትሳፕም በእነዚህ የሚጠቀም ቁጥርን ለጊዜው ያግዳል። እገዳው ባይኖር እንኳ፣ መልዕክቱን የሚከፍተው ፕሮግራም በማይታወቅ ሰው እጅ ከተሠራ፣ መልዕክቱ መንገድ ላይ ሳለ መቆለፉ ምን ይጠቅማል?

ቴሌግራም እዚህ ላይ ይለያል። ሌሎች ባለሙያዎች የራሳቸውን ፕሮግራም ሠርተው ወደ መረቡ እንዲያስገቡ በይፋ ይፈቅዳል። ፕላስ ሜሴንጀር ከእነዚህ አንዱ ነው። የድሮው የአይ.አር.ሲ. ነፃነት በትንሹ የተረፈው እዚህ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ «ቴሌግራም ፕላስ መጠቀም ወንጀል ነው» የሚለው ስህተት ነው። «ምንም ችግር የለውም» የሚለውም ስህተት ነው። ወደ አካውንቱ የገባ ፕሮግራም ቻቱን ሁሉ ያያል። ሠሪው ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ከቻናል ላይ የወረደ ቅጂ ከሆነ ባይጫን ይሻላል። ለእኔ ሚዛኑ ግልጽ ነው፤ አዲስ ተጠቃሚ ዋናውን ቅጂ ከፕሌይ ስቶር ይጫን። ልዩነቱን የሚያውቅ ሰው በራሱ ኃላፊነት ይምረጥ።

ማን ያነባል?

ስለ ኢንክሪፕሽን ብዙ ይባላል። ኢንክሪፕሽን መልዕክቱን ቁልፉ ከሌለው ሰው ዓይን መቆለፍ ነው። ቁልፉ በሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስልክ ላይ ብቻ ሲሆን ኩባንያው ራሱ ማንበብ አይችልም። ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ይህን በሁሉም ቻት ላይ አድርጓል። ሲግናል የሚባለው የቻት አፕም ከመነሻው እንዲሁ ነው። ቴሌግራም ግን በተለመደው ቻት፣ በግሩፕና በቻናል ይህን አያደርግም። ቁልፉ ኩባንያው ጋር ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያወሩበት «ሚስጥራዊ ቻት» ለብቻው መከፈት አለበት። ቴሌግራም ከሁሉም ይበልጥ ሚስጥር ይጠብቃል የሚለው የተለመደ አባባል በዚህ ረገድ ልክ አይደለም። መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰረ በኋላ ኩባንያው በሕግ አግባብ ሲጠየቅ የተጠቃሚን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ አስታውቋል።

«ታዲያ ሁሉም ወደ ሲግናል ይሂድ» የሚሉ አሉ። በቴክኒክ ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ሲግናል ትርፍ በማያሳድድ ድርጅት የሚመራ ነው፤ ስለ ተጠቃሚው የሚይዘው መረጃም እጅግ ጥቂት ነው። ሌሎች ደግሞ ዘመድ የሌለበት አፕ ባዶ ቤት ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛው ለአብዛኛው ቤተሰብ ይበልጥ እውነት ይመስለኛል። ሚስጥር የሚይዝ ሥራ ያለው፣ ለምሳሌ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛ ወይም ሐኪም፣ ግን ሲግናልን ለዚያ ሥራ ቢጨምር ጥሩ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተራውን ተጠቃሚ የሚጎዳው ኢንክሪፕሽን የማያድነው ነገር ነው። «በስህተት አንተ ጋ የተላከ ኮድ አለ፣ ላክልኝ» የሚል መልዕክት ይመጣል። ላኪው የሚያውቁት ሰው ይመስላል፤ የእሱ አካውንት ቀድሞ ተጠልፏልና። ኮዱ ሲላክ የተቀባዩም አካውንት ይሄዳል። ቀጥሎ ለዘመድ ሁሉ «ብር አበድረኝ» ይጻፋል። መከላከያው ዋትሳፕም ቴሌግራምም ውስጥ ያለው የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው። በኤስ.ኤም.ኤስ. ከሚመጣው ኮድ በተጨማሪ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀው ቁጥር ወይም ቃል ይጠይቃል። ሲም ካርድ ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ቀርቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው በሚሰጥበት ጊዜም ይኸው ያድናል።

ኢንተርኔት ራሱ ሲጠፋ

በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ በአገር ደረጃ ተገድበው እስከ ሐምሌ ቆዩ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለብዙ ወራት አልተመለሰም። እነዚህ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንድ አፕ ተለይቶ ሲገደብ ሌላ አፕ ይሠራል፤ ወይም በፕሮክሲ፣ ማለትም መልዕክቱን ተቀብሎ በሚያሳልፍ ሌላ ኮምፒውተር በኩል፣ ማለፍ ይቻላል። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲቋረጥ ግን የትኛውም አፕ አይረዳም። የሚቀረው መስመሩ ካለ መደወልና ኤስ.ኤም.ኤስ. ነው።

ያለ ኢንተርኔት በብሉቱዝ የሚሠሩ እንደ ብራየርና ቢትቻት ያሉ አፖች አሉ። ብሉቱዝ የሚደርሰው በሜትር የሚቆጠር ርቀት ነው። መሃል ላይ ተጠቃሚዎች እየተቀባበሉ ካላሻገሩት ከደሴ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ አይደርስም። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ሰፈር ግን ሊያገለግል ይችላል። ለክፉ ቀን የሚጠቅመው ትልቁ ዝግጅት የቅርብ ሰዎችን ስልክ ቁጥር ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ቴሌግራም ላይ በስም ብቻ የሚታወቅ ሰው ቴሌግራም በሌለበት ቀን አይገኝም።

የራሳችን አፕ፣ ወይስ የሚገናኙ አፖች?

በ2013 ማብቂያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፌስቡክን፣ ዋትሳፕንና ሌሎችን የሚተኩ የአገር ውስጥ መድረኮች እየተሠሩ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። ደጋፊዎች መረጃችን በውጭ ኩባንያ እጅ መሆኑ አደጋ ነው ይላሉ፤ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎቻችን ፍላጎትም ይረሳል ይላሉ። ተቺዎች ደግሞ ሰርቨሩ አገር ውስጥ ሲሆን ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱም ክርክር ክብደት አለው። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ጅዳና ቤይሩት ያለው ዘመድ ያልጫነው አፕ ለወሎ ቤተሰብ አይሠራም።

አውሮፓ ሌላ መንገድ ይዟል። የዲጂታል ገበያዎች ሕግ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ጀምሮ ትልልቅ ኩባንያዎችን ግዴታ ውስጥ ከቷል። ዋትሳፕ ሌሎች የቻት አፖች ሲጠይቁት በሩን መክፈት አለበት። ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው መጻፍ ይቻል ማለት ነው። ሲግናልን ጨምሮ የሚሠጉ አሉ፤ ሁለት አፖች ሲገናኙ የሚስጥር ጥበቃው በደካማው ልክ ይወርዳል ይላሉ። ሕጉ ለአውሮፓ ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ እኛ ጋ አይደርስም።

ስለዚህ እዚህ ለጊዜው የሚሆነው የታወቀ ነው። ዕድር፣ ዕቁብ ወይም የተማሪ ግሩፕ ከአንድ አፕ ወደ ሌላ ሲዛወር ሁሉም አብሮ መዛወር አለበት። አሮጌ ስልክ ያለው አባል አዲሱ አፕ ስለማይሠራለት ይቀራል። የግሩፕ አስተዳዳሪዎች ዝውውር ከማወጃቸው በፊት የእያንዳንዱ አባል ስልክ አዲሱን አፕ መቀበሉን ማረጋገጥ አለባቸው። የማይቀበል ካለ ማስታወቂያው በኤስ.ኤም.ኤስ. እንዲደርሰው አንድ ሰው ይመደብለት።